በአራት የታጠፈ ነጠላ

የአርባው ማግስት የባሌን ልብስ አብረን ስንለይ፣ ከሳጥኑ ሥር ያን ጨርቅ አወጣሽ። በሁለት ጣትሽ ጫፉን ይዘሽ፣ አፍንጫሽን ሸብሸብ አድርገሽ፣ «አክስቴ፣ ይሄስ ይጣል አይደል?» አልሽኝ። ከእጅሽ ነጠቅሁሽ። ደነገጥሽ። እኔም በራሴ ደነገጥሁ። ከዚያ ሸሚዞቹን ማጠፍ ቀጠልሽ፤ ስትሄጂም ስመሽኝ ወጣሽ እንጂ አልጠየቅሽኝም። ስላልጠየቅሽኝ ነው የምጽፍልሽ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ገጽ ስጨርስ መስኮቱን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከዚያ ወዲያ አልቀጥልም።

ጨርቁ ነጠላ ነው። ዛሬ ስታዪው ቡናማ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ሲነኩት ቆዳ ይመስላል። ጠርዙን ወደ ብርሃን ብታዞሪው ግን ቀይና ቢጫ ጥለት አለበት። የሸመኑት አባቴ ናቸው፤ ኦቾሎ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ፣ እግራቸውን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው፣ ከታች ዓባያ ሐይቅ እየታያቸው። ለሠርጌ ነው የሸመኑት። ሽታው የአሳ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሽታው አልለቀቀውም። ከእጅሽ ስነጥቀው ሽታው ፊቴ ላይ መጣ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። ቅናት ነበር። ባሌን ከቀበርሁ ገና አርባ ቀኔ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ቀናሁ።

ያን ጊዜ አንቺ አልተወለድሽም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። የምንኖረው እዚሁ የከተማው ላይኛ ሰፈር ሴቻ፣ ሐይቁ ከደጃፍ የሚታይበት አንድ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ እሱ አንዲት አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበረችው። ከቆላ ጨውና በቆሎ ጭኖ ጨንቻ ይወጣል፣ ከጨንቻ ድንችና ቀርከሃ ጭኖ ይወርዳል። መኪናዋን በጣም ይወዳት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ ያደርገዋል። በእሷ ግን ቀንቼ አላውቅም።

ነገሩ የመጣው ናፍጣ ሲጠፋ ነው። ማደያው ፊት መኪኖች ተሰልፈው ይውላሉ፤ ሾፌሮቹ ከመኪናቸው ሥር ጥላ ውስጥ ተኝተው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ጋቢና ያሳፈረው የኮሌጅ ተማሪ፣ «የናፍጣ ሞተር እኮ የምግብ ዘይትም ይበላል» ብሎ ነገረው። ቤት መጥቶ እየሳቀ አወራልኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ በሆዱ የሆነ ነገር እየፈታ እየገጠመ ነው ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ከጋቢናው ጀርባ አንድ በርሜል አሠረ፣ ከበርሜሉ ሥር ቧንቧ አወጣ፣ ቧንቧውን በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኘ። የቀረው ዘይቱ ነበር።

ዘይቱ ያለው ቁልቁል፣ የከተማው ታችኛ ሰፈር ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አሳ ጠባሿ ዘንድ ነው።

ቆንጆ ነበረች ወይ ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። አልነበረችም፤ ያናደደኝም ይሄ ነው። ቆንጆ ብትሆን ወንድ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ተቆጥቼ እተወው ነበር። ወፍራም ናት፣ ክንዷ በፈላ ዘይት ፍንጣሪ ነጠብጣብ ሆኗል፣ ባሏ ሞቶ ብቻዋን ትሠራለች። ስትስቅ ግን ከገበያው ማዶ ይሰማል። ጠዋት ከጫሞ የመጣውን አሳ አጥባ፣ በስለት በጥታ፣ ጨው ነስንሳ ትልቁ መጥበሻ ውስጥ ትለቀዋለች። የመናኸሪያ ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚበላ። ባሌ ብቅ ሲል መጥበሻውን ትታ ትነሣና፣ «ሾፌሬ መጣ! መንገድ ልቀቁ፣ ሾፌሬ መጣ!» ትላለች። ሾፌሬ። ይቺ ፊደል ናት ያቃጠለችኝ፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ሬ።

እንዴት እንደሚሠሩት ልንገርሽ፤ ኋላ ላይ ያስፈልግሻል። ተደጋግሞ የተጠበሰበትን ዘይት ሌሎቹ ጠባሾች ይደፉታል፤ እሷ ግን የእነሱንም ለምና ሰብስባ ታቆይለታለች። ፍርፋሪውን በጨርቅ ያጠሉታል። ከዚያ ውሃ እንዳለበት እንደሌለበት ይፈትናሉ፦ በጋለ መጥበሻ ላይ አንድ ማንኪያ ጠብ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ቢንጫጫ ውሃ አለበት፤ እሳት ላይ ጥደው ውሃው እስኪደርቅ ያፈሉታል። ካልተንጫጫ እሱ፣ «ዝም አለ» ይላል፤ እሷም፣ «ዝም አለ» ትላለች፤ ጄሪካኑ ይከደናል። በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ዝም ያለው ዘይት ብቻ ነው። መኪናዋ የምትነሣው በናፍጣ ነው። ሞተሩ ሲግል ቧንቧውን ወደ ዘይቱ ያዞረዋል፤ ከመቆሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ደግሞ ወደ ናፍጣው ይመልሰዋል። አለበለዚያ፣ በተለይ በጨንቻ ብርድ፣ ዘይቱ ቱቦው ውስጥ ይረጋል።

ይህን ሁሉ ራት ላይ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ነበር። ዓይኑ ይበራል። እኔ የማደምጠው ግን ዘይቱን አይደለም። የእሷ ነገር ስንት ጊዜ እንደተነሣ ነበር የምቆጥረው።

መኪናዋ ስታልፍ የአሳ ጥብስ ጠረን ከኋላዋ ይከተላል። የሴቻ ልጆች «አሳ ጥብስ መጣች!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ስሟም በዚያው ቀረ። ደጃፋችን ስትቆም የመንደሩ ድመት ሁሉ ሥሯ ይሰበሰባል። እሱ ድመቶቹን በስም ያውቃቸው ጀመር። መምህራን ማረፊያ ውስጥ መስኮት አጠገብ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ «ቲቸር፣ ባልሽ መጣ፤ እሱ ገና ነው፣ ሽታው ደርሷል» ትለኛለች። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ገበያ ስወርድ ቲማቲም ሻጯ፣ «የባልሽ መኪና አሳ ቀለቧ ሆነ አሉ፤ እሱስ ቤቱ ይበላል?» አለችኝ።

ይቺ አላሳቀችኝም። እውነት ነበራ። ሠርቼ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ፣ «ቀምሼ ነው የመጣሁት» ይላል። ገላውን በሳሙና ታጥቦም ጠጉሩ ውስጥ ይሸታል። ትራሱ ይሸታል። ሌላ ሴት የሽቶ ሽታ ታገኛለች፤ እኔ የሌላ ሴት መጥበሻ ሽታ አጠገቤ አስተኝቼ አድራለሁ። አንድ ቅዳሜ አሳ ገዝቼ ራሴ ጠበስሁ። ውጭው አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። እሱ ሁሉንም በላውና፣ «ጥሩ ነው» አለኝ። መጥፎ ነው ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

መስቀል ሲቃረብ ኦቾሎ ልንወጣ ነጠላዬን ፈለግሁ። ሳጥኑን እስከ ታች ገለበጥሁት፤ የለም። «ነጠላዬን አይተሃል?» አልሁት። ጫማውን እያሰረ ነበር። «የቱን ነጠላ?» አለኝ። ቀና አላለም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፤ ወደ ሲቀላ ወረድሁ። ሙዝ ከሚራገፍበት ክምር ጀርባ ቆሜ አየኋቸው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ጭሱ ውስጥ ብርቱካንማ ሆናለች። እሱ አንዱን ጫፍ፣ እሷ ሌላውን ጫፍ ይዘው፣ መሐላቸው አንድ ጨርቅ እየጠመዘዙ ዘይቱን ይጨምቃሉ። እሷ ወደ ቀኝ፣ እሱ ወደ ግራ። «አጥብቀህ ያዝ እንጂ፣ ሾፌሬ! መሪ እንዲህ ነው የምትይዘው?» ትለዋለች። እሱ እየሳቀ ወደ ኋላው ዘንበል ብሎ ይጎትታል። ጨርቁ ሲጠማዘዝ ጠርዙ ወደ እኔ ዞረ። ቀይና ቢጫ።

አባቴ ያን ነጠላ ሲሸምኑ ክርም ቢሆን እንድነካ አልፈቀዱልኝም ነበር፤ ሙሽራ የራሷን ልብስ አትነካም ብለው።

ዳገቱን ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ቅዳሜ መኪናዋ ጨው ተጭኖባት፣ በርሜሏ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። እሱ ምሳውን እየበላ ነው። ውሃ ላመጣለት ጆግ ይዤ ወጣሁ። የግቢው ውሃ ቧንቧ ሥር ቆሜ ጆጉን ሞላሁት፤ ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስሁም። በጎማው ላይ ረግጬ ወጣሁና የበርሜሉን ክዳን ከፍቼ ውሃውን ገለበጥሁበት። ወርጄ ደገምሁት። ድመቶቹ ያዩኝ ነበር።

ያሰብሁት ይሄን ብቻ ነው፦ መኪናዋ ሲቀላ ስትደርስ፣ አሳ ጠባሿ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ትቆማለች። እሱ ይወርድና፣ «ውሃ ያለበት ዘይት ትሰጭኛለሽ?» ብሎ ይጮህባታል። ጩኸቱን እስክሰማ ቸኩዬ ነበር።

ሦስተኛ ጆግ ቀድቼ ገባሁና ባሌን አጠጣሁት። አፉን ጠርጎ ተነሣ። «ከደጋ ምን ላምጣልሽ?» አለኝ። «ምንም» አልሁት። ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። በር ላይ ቆሜ ድምፁን ተከተልሁ፤ ቁልቁለቱን ወረደ፣ መታጠፊያውን አለፈ፣ ሲቀላ ገባ። ያስላል ብዬ ስጠብቅ አላሳለም። እንደ ሁልጊዜው ወፍራም፣ የተስተካከለ ድምፅ ነበር። እየራቀ ሄደ።

የመኪናዋ ቧንቧ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። በናፍጣ ነው የተነሣው። ወደ ዘይቱ የሚያዞረው ሞተሩ ሲግል ነው፤ ሞተሩ የሚግለው ደግሞ የጨንቻን ዳገት ሲጀምር። ያንን መንገድ ታውቂዋለሽ። ባንድ ወገን የተራራ ግድግዳ ነው፣ ባንድ ወገን ምንም የለም። ስንት ራት ላይ ሲያስረዳኝ ሳላደምጠው የቀረሁት ነገር ያኔ ቃል በቃል ተሰማኝ።

ጆጉን እንደያዝሁ ሮጥሁ። ሲቀላ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል። የገባሁት፣ አስቢው፣ እሷ ዘንድ ነው። ሌላ ማን ዘንድ እሄዳለሁ? «አለፈ?» አልኋት።

«አሁን አለፈ። ምን ሆነሻል፣ ቲቸር?»

«አስቁሙልኝ! የሚሄድ መኪና ካለ፣ አስቁሙት በሉልኝ!»

«ለምን? ምን ተፈጠረ?»

እጄ ላይ ያለውን ጆግ አየችው። እኔም አየሁት። ከዚያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ መንገዱ ወጣች፤ ያገኘችውን ሁሉ ብትለምንም በዚያ ሰዓት ወደ ላይ የሚወጣ አልነበረም። ተመልሳ በርጩማ ሰጠችኝ። አጠገቤ አሳው ይጠበሳል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሽታ የእሱ ሽታ ብቻ ሆኖ ተሰማኝ፤ እንባዬ መጣ።

ከቀትር በኋላ ድንች ጭኖ የወረደ ሾፌር ወሬውን አመጣ። «አሳ ጥብስ ዳገቱ ላይ ጠፍታበት ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ቂጧን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አተረፋት። ሰዎቹ ደኅና ናቸው። እሱ ታኮ ሊያስገባ ወርዶ ጎማው እጁን ያዘው።»

ሰዎቹ ያላቸው ጨው ላይ ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ይወጡ የነበሩ ሁለት የደጋ ሴቶች ናቸው። እኔ ሰው መኖሩን እንኳ አላሰብሁም ነበር።

ሐኪም ቤት ሁለት ጣቱን አሰሩለት። አንቺ የምታውቂው የግራ እጁ ትንሿና የቀለበት ጣቱ፣ እንደ መንጠቆ ታጥፈው የቀሩት፣ ያኔ ነው። ቀለበቱን ዳግመኛ አላጠለቀም፤ አይገባም ነበር። አንቺ በልጅነትሽ በእነዚያ ጣቶች ላይ እየተንጠለጠልሽ ትጫወቺ ነበር፤ ባየሁሽ ቁጥር ዓይኔን አዞር ነበር።

ቤት በገባ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ አሳ ጠባሿ መጣች። ነጠላዬን አጥባ፣ በአራት አጥፋ ይዛለች። ከመቀመጧ ቲማቲም ሻጯ፣ «መካኒኩ ዘይቱ ውስጥ ውሃ አገኘ አሉ» አለች።

እኔም፣ «ውሃ ከታ ብትሰጠውስ!» አልሁ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ዓይኗን እያየሁ።

እሷ ወደ እሱ አየች። እሱ የታሰረ እጁን አየ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለማን ወግኖ እንደሚናገር አላውቅም። ዝም አለ።

«ይሆናል» አለች እሷ። «እጄ ስቶ ይሆናል።» ነጠላውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ «እግዜር ይማርህ» ብላ ወጣች። ሾፌሬ አላለችውም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሲቀላን ሞላው፤ ዘይት በውሃ ትቀላቅላለች ተባለ። ለብዙ ጊዜ በሯ ላይ ሰው ሳሳ። እሱ በርሜሉን ፈታና በናፍጣ ብቻ መሥራት ጀመረ። ስለ ነጠላው አንድ ቀን ብቻ፣ ሳልጠይቀው፣ «ከሳጥኑ ሥር ስለነበረ ያረጀ መሰለኝ» አለኝ። «የአባትሽ ሽመና ጠጣር ነው። በአራት ሲታጠፍ አንዲት ፍርፋሪ አያሳልፍም።» ድመቶቹ አንድ ሰሞን መጥተው መጥተው ቀሩ። ትራሱ የሳሙና ሽታ ብቻ ሆነ። አሸነፍሁ ማለት ነው። ሣር ይዤ መሄድ እንደነበረብኝ ግን አውቅ ነበር። በእኛ በጋሞ የበደለ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ይንበረከካል፤ ሣር የያዘ ሰው ይቅርታ ሳያገኝ አይመለስም። የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ ይሄን እያወቅሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል፣ እሱ ሞተ።

ጨርቁን ከነጠቅሁሽ በማግስቱ ከግቢው ሣር ነቅዬ፣ ነጠላውን በፌስታል ይዤ ሲቀላ ወረድሁ። ባጃጆቹ መንገዱን ሞልተውታል፤ ሣር የያዘች ጥቁር የለበሰች ሴት ሲያዩ ግን እየቆሙ አሳለፉኝ። መጥበሻው ላይ አሁን ልጇ ናት። እሷ በር ላይ ትቀመጣለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ልንበረከክ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪ፣ ቲቸር። ጉልበትሽን ለጸሎት አቆዪው። ይሄ ነገር ድሮ አልቋል።»

«አላለቀም። ውሃውን እኔ ነኝ የጨመርሁት።»

«አውቃለሁ። ከነጆግሽ አይደል የመጣሽው?» ሳቀች፤ ሳቋ ቀጥኗል። «ደግሞስ ዘይቱን ከዋዜማው እዚሁ ሞክረነዋል። ዝም ብሏል። እዚህ ዝም ያለ ዘይት የት ሄዶ ውሃ ያገኛል?»

«እሱም ያውቅ ነበር?»

ልጇን፣ «እሳቱን ቀንሺ» አለቻት። ከዚያ፣ «እጁ እንደታሰረ መጣ» አለችኝ። «ሣር ይዞ። ሰውዬው የሸዋ ሰው፣ ከየት ተማረው? ከአባትሽ መሆን አለበት። ሣሩ ግን የከብት ሣር ነው፣ አንድ እቅፍ ሙሉ! በሬ የምቀልብ ይመስል። ሳቄን ይዤ ይዤ አልቻልሁም።»

«ተንበረከከ?»

«ተንበረከከ። እዚችው ላይ።» በእግሯ መሬቱን አሳየችኝ። «‹ለሚስቴ ብዬ ነው፣ ይቅር በያት› አለኝ። ‹አውቄአለሁ እንዳትያት፤ ካወቀች ቤቴ ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም› አለኝ። ማልሁለት። ይኸው እሱ እስኪሞት ቃሌን ጠበቅሁ።»

መሬቱን አየሁት። ተራ መሬት ነው፣ የአሳ ቅርፊት የተጣበቀበት። እኔ ፊት ተንበርክኮ አያውቅም። ስታጭም በሽማግሌ ነው የታጨሁት። ይህን ሁሉ ዓመት መሐላቸው ምን አለ እያልሁ ተብሰከሰክሁ፤ ለካ አለ። እኔ ነበርሁ ያለሁት። እኔን ለሁለት ይዘው፣ እንደዚያ ነጠላ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ሳያስነኩ ኖረዋል። ይቅርታ ልጠይቅ የወረድሁ ሴትዮ እዚያው ቆሜ እንደገና ቀናሁባት፤ ሲንበረከክ አይታዋለች፣ እኔ አላየሁትም።

ፌስታሉን ሰጠኋት። ነጠላውን አውጥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«የእኔ ዘይት» አለች።

«የአባቴ ነጠላ» አልኋት።

«እሺ፣ የአባትሽ» አለችና መልሳ በአራት አጠፈችልኝ።

አሳ አቀረቡልኝ። በላሁ፤ ውጭው አላረረም፣ ውስጡም ጥሬ አልነበረም። ስንጨርስ ሣሩን ከእጄ ወስዳ በሯ ጉበን ላይ ሰካችው።

ስለዚህ ጨርቁ አይጣልም። ሌላው ልብስ ታጥቧል፣ ተሰጥቷል፤ ያንቺም እጅ አይታማ፣ አንድም የእሱ ሽታ ያለበት አልተረፈም። አሁን በየቅዳሜው እወርዳለሁ። እሷ ሳቋን፣ እኔ ዝምታዬን ይዘን ጭሱ ውስጥ እንቀመጣለን። ያለፈው ቅዳሜ ስመለስ ነጠላዬን፣ ይሄን የሐዘኔን ጥቁር፣ የመጥበሻው ጭስ የገባበትን፣ ትራሱ ላይ አንጥፌ ተኛሁ። ስትመጪ ልጠብልሽ እንዳትይኝ።